ሁለቱንም ወገን ስሙ

የአንድን የእግዚአብሔር ሰው ሕይወት ለማጥናት ስትነሡ አስቀድማችሁ የምታነቡት የማንን ጽሑፍ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሰውየው ላይ የምትሰጡት ፍርድ በዚህ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

ጆን ሴኒክን እንመልከት። በ1718 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ ተወለደ። በ1739 ከጆን ዌስሊ ጋር ተዋወቀ፤ በብሪስቶል አቅራቢያ በኪንግስውድ በከሰል ቆፋሪዎች መካከልም መስበክና ማስተማር ጀመረ። ቅስና ሳይቀበሉ ከሰበኩት የመጀመሪያዎቹ ሜቶዲስቶች አንዱ ነው።

ዳሩ ግን ሁለቱ ወንድሞች ስለ እግዚአብሔር ምርጫ በሚያስተምሩት ትምህርት አልተስማሙም። ሴኒክ ስለዚሁ ለጆርጅ ኋይትፊልድ ደብዳቤ ጻፈ። ዌስሊም ደብዳቤውን አግኝቶ በ1741 በወንድሞች ፊት አነበበው። ሴኒክ ደብዳቤው የእርሱ መሆኑን አልካደም፤ በመጻፉም አልተጸጸተም። በዚያው ዓመት ተለያዩ።

ይህን የምናገኘው ከዌስሊ የዕለት ማስታወሻ ነው። እዚያ ላይ ብናቆም ሴኒክ ከፋፋይ ሆኖ ይቀርብናል። ሴኒክ ግን የራሱን ሕይወት ጽፎ አሳትሟል። የእርሱን ብቻ ብናነብ ደግሞ ዌስሊን መውቀስ ይቀናናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ ጌታን የሚወዱ፣ ግን የተጎዱ ሁለት ሰዎችን እናያለን።

ሴኒክ በ1745 ከሞራቪያን ወንድሞች ጋር ተቀላቀለ፤ በ1746 ወደ ደብሊን ሄዶ በአየርላንድ ብዙ ደክሞ አገለገለ። በ1755 ለንደን ውስጥ ሲሞት ዕድሜው 36 ዓመት ብቻ ነበር። ሞራቪያውያን እያንዳንዱ አማኝ የሕይወቱን ታሪክ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲተው፣ በቀብሩም ዕለት እንዲነበብ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ለአጥኚዎች ትልቅ ሀብት ሆኗል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። ለተጣሉ ባልና ሚስት ሽማግሌ ሆናችሁ ስትጠሩ ቀድሞ ያለቀሰውን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ምሳሌ 18፥17ን አብራችሁ አንብቡ። በራሳችሁም ቤት ቢሆን፣ የትዳር ጓደኛችሁን ስሞታ ለሌላ ሰው ከመናገራችሁ በፊት ከራሱ ከባለቤቱ አንደበት ስሙት። በአደባባይ የተነበበ ደብዳቤ ተመልሶ አይታጠፍምና!

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።