ምላጭ፣ ሪባን እና የ45 ቀን ቡችላ

በውስጥ መስመር ምን ብላችሁ እንደምትጽፉልኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። «አገር እንዲህ ሆና አንተ ስለ ቡችላ ጸጉር ታወራለህ?» ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ታሪፍ ስጽፍ ከርሜ ውሻ ላይ መድረሴ ለራሴ ገርሞኛል። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ከሪባን ተነሥቶ የሕፃናት ሞት ላይ ይደርሳል።

አምና ለገና ሰሞን እህቴ ጥጥ የመሰለች ነጭ ቡችላ ገዛች። ሻጩ «45 ቀኗ ነው፣ ንጹህ ፑድል ናት» አላት። (ፑድል መሆኗን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።) በሦስተኛው ቀን ግሩሚንግ ቤት ወሰደቻት። ታጠበች፣ በማድረቂያ ተነፋች፣ ዓይኗ ዙሪያ ተከረከመ፣ ጥፍሯ ተቆረጠ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን ታሰረላት፣ ፎቶ ተነሣች። ከአራት ቀን በኋላ ምግብ አቆመች። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ ነው አለን። በማግስቱ ሞተች።

እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሰው «የክትባት ካርዷ የታለ?» ብሎ አልጠየቀም። እህቴ መጠየቅ እንዳለባቸው አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም። እውነቱን ለመናገር በሽታውን ከሻጩ ዘንድ ይዛው መጥታ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይወስዳልና ሁለቱም ያስኬዳል። ይህ ግን ግሩሚንግ ቤቱን ነጻ አያወጣውም፤ ጭራሽ ያብስበታል። ታማ ከገባች፣ ከእሷ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስንት ቡችላ ቆመ? በዚያው ፎጣ ስንቱ ተጠረገ?

ፓርቮን ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ አልኮልም አይገድለውም። በአግባቡ የተበጠበጠ በረኪና ይገድለዋል። መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፣ በጫማ ሶል ተለጥፎ ቤት ይገባል። ቡችላ ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ እየሳሳ ሲሄድ፣ ክትባቱ ደግሞ ገና ሳይዝ፣ መሀል ላይ ባዶ ጊዜ አለ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ 16 ሳምንት የሚዘልቀው ለዚህ ነው። «አንድ መርፌ ተወግታለች» ማለት ተከትባለች ማለት አይደለም። ስለዚህ የኔ አቋም አጭር ነው፦ የመጨረሻው መርፌ ተወግቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡችላ ግሩሚንግ ቤት አትግባ። አራት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለበዓል ፎቶ ተብሎ የሚሻር ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አጨብጭበው «እኛስ ምን አልን! እስከዚያ አትንኳት» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱም ያጠፋሉ። ስኮት እና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ቡችላ ሰውንና አካባቢዋን በቀላሉ የምትለምድበት ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ቁጥሩን አስተያዩት። የመልመጃው ጊዜ የሚያልፈው ክትባቱ ሳያልቅ ነው። አራት ወር ሙሉ ማንም ሳይነካት ቆይታ አንድ ቀን ድንገት ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ፣ ጆሮዋ ስር የሚጮህ ማሽን ብትደቅኑባት ብትናከስ ጥፋቱ የማን ነው?

መቀሱ ይቆይ፤ እጃችሁ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። እግሯን ያዙ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉ፣ ጆሮዋን ገልጣችሁ እዩ፣ ከንፈሯን አንሥታችሁ ጥርሷን ተመልከቱ፤ በየመሀሉ ቁራጭ ሥጋ ስጧት። በለስላሳ ብሩሽ ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያ በቃ። የጸጉር ማሽን ካላችሁ እየበላች ሳለ ከሩቅ አስነሡትና ድምፁን ትስማ። ሌላ ቀን ጠፍቶ ሳለ ጀርባዋን ይንካት። ሌላ ቀን እየሠራ። ከተወራጨች አትታገሏት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከቆሸሸች በለብታ ውሃ የራሰ ፎጣ ይበቃታል። ማጠብ ግድ ከሆነ በውሻ ሻምፑ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ከዚያም ሙልጭ አድርጋችሁ አድርቋት፤ ትንሽ ቡችላ የሰውነት ሙቀቷን በደንብ መጠበቅ አትችልም፣ የአዲስ አበባን ነሐሴ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጥፍሯ ነጭ ከሆነ ውስጡ ያለው ሮዝ ሥጋ ይታያል፤ ጥቁር ከሆነ ጫፉን ብቻ ንኩ። አንዴ ካደማችኋት እግሯን መልሳ በቀላሉ አትሰጣችሁም።

«ይሄ የሀብታም ወሬ ነው፤ የኛ ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው» የምትሉ አላችሁ። በዋናነት የምፈልገው እናንተን ነው።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቡችላ የሚያገኘው የመጀመሪያ ግሩሚንግ ምላጭ ነበር። ስምንት ዓመቴ ገደማ ነው፤ ቦቢን ጭኔ መሀል አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጆሮ በመቁረጥ የሚታወቅ ሰውዬ ነበር፣ መጣ፣ ቆረጠ፣ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሰ፣ ሄደ። «ጆሮው ሲቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል» ይባላል። አዎ፣ ኃይለኛ ሆነ። ጆሮው ስላጠረ ግን አይደለም፤ የሰው እጅ ምን እንደሚያደርግ በዚያች ቀን ስለተማረ ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ጭንቅላቱን ነክቶት አያውቅም፣ እኔን ጨምሮ። ሁለተኛው ግሩሚንግ ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን ነበር፣ በባልዲ ተበጥብጦ ከላዩ ላይ። ዲያዚኖን ነርቭ የሚያውክ መርዝ ነው። ቡችላ በቆዳውም ይወስደዋል፣ እየላሰም ይውጠዋል፤ ከዚያ ምራቅ ማዝረብረብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። አሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ለመኖሪያ ቤት መሸጡን አስቁማለች። እኛ ጋ «ቁንጫውን ድራሹን ያጠፋዋል» ተብሎ ይመከራል።

አሁን ሕፃናቱ ጋ ደርሰናል። ቦቢ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ክትባት አላገኘም። ከታቢዎቹ አንድ ጊዜ በራችን ድረስ መጥተው ነበር። አባቴ «ማን ይያዘው?» ብሎ መለሳቸው። አልዋሸም፤ የሚይዘው ሰው አልነበረም። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻውን መከተብ ግን ይቻላል፣ መርፌው አለ። መርፌውን ለመውጋት ውሻው መያዝ አለበት፤ እንዲያዝ ደግሞ በስምንት ሳምንቱ አንድ ሰው እግሩን ይዞ ሥጋ አጉርሶት መሆን ነበረበት። ስለ ቡችላ ጸጉር የማወራው ለዚህ ነው።

ግሩሚንግ ቤት የከፈታችሁ፦ ካርድ ሳታዩ አትቀበሉ። አንድ ደንበኛ ብትመልሱ አትከስሩም። ጠረጴዛውን በበረኪና፣ ፎጣውን ለየብቻ። እግረ መንገዴን፣ ጀርመን ሼፐርዱን «ሞቆታል» ብላችሁ እስከ ቆዳው አትላጩት፤ ያ ድርብ ጸጉር ከብርድም ከፀሐይም የሚጠብቀው እሱ ነው። ሻጮች ደግሞ ሪባኑን ተዉትና ካርድ አብራችሁ ስጡ። ጸጉር ቤት በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው ሲላጭ ብናይ ወጥተን እንጮኻለን፤ እዚህ ግን ዝም ብለን ከፍለን፣ ፎቶ አንሥተን እንወጣለን።

እህቴ ወለሉን በበረኪና ደጋግማ አጥባ፣ መኝታዋን አቃጥላ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ወራት ጠብቃ ዘንድሮ ሌላ ቡችላ አመጣች። አሥር ሳምንቷ ነው፣ ሁለተኛ መርፌዋን ተወግታለች። «ውሻ ቤት አይገባም» ስትል የኖረችው እናቴ ባለፈው እሑድ ቡናው እስኪፈላ ቡችላዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የእግሯን ጣቶች ስትቆጥር አገኘኋት። ሲያዩኝ ሁለቱም ደነገጡ። የግሩሚንግ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ጸጉሯ ዓይኗን ሊሸፍን ምንም አልቀረው፣ ለፋሲካው ፎቶም አትደርስም።