«ዛፏ ከደረቀች ፍቅራችንም ደረቀ» ብሎኝ ሄደ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። ልጅቷ የምሯን ተጨንቃለች። እስቲ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። ጓደኛዬ ለሥራ ዱባይ ከሄደ አራት ወሩ ነው። ሊሄድ ሲል በጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን የተተከለች፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ዛፍ ሰጠኝና ‹ይቺ ዛፍ ከደረቀች ፍቅራችንም ደረቀ ማለት ነው› አለኝ። እሱ እየሳቀ ነው ያለው፤ እኔ ግን ልቤ ውስጥ ገባ። ጠዋትና ማታ አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣታለሁ። ታናሽ ወንድሜ በኳስ እንዳይመታብኝ ብዬም ከመስኮቱ አንስቼ ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኳት። ከአንድ ወር ወዲህ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። በቪዲዮ ሲደውል ‹እስቲ አሳዪኝ› ይለኛል፤ እኔም ‹ኔትወርኩ አስቸገረኝ› እያልኩ እዘጋበታለሁ። የዛፏን ስም እንኳ አላውቀውም። ቅጠሏ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ ነው። ሥሯ ከአፈሩ በላይ እንደ ወፍራም እግር አብጦ ይታያል። ቅጠሏ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ምን ላድርግ? እሱንስ ምን ልበለው? ጨነቀኝ ነኝ፤ ከሰሚት።»

እህቴ ጨነቀኝ፣ ከዛፏ እንጀምር፤ ወደ ልጁ ኋላ እንመጣለን።

እንዲህ ያለችው ዛፍ ቦንሳይ ትባላለች። ቃሉ የጃፓኖች ነው፤ በሳህን የተተከለ እንደ ማለት ነው። ጥበቡን እነሱ ያገኙት ከቻይና ሲሆን ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ልብ በይ፤ ቦንሳይ የዛፍ ዘር ስም አይደለም፤ የአያያዝ ስም ነው። ያቺው ዛፍ ሜዳ ላይ ብትተከል ኖሮ አድጋ ጥላ ትሰጥ ነበር። ትንሽ ያደረጋት ሁለት ነገር ነው፦ ሳህኑ ሥሯን አጥብቦ ይይዘዋል፣ የሰው እጅ ደግሞ ጫፏንና ሥሯን በየጊዜው ይከረክማል። ብዙ ሰው «አስርበዋት ነው እንዲህ የቀጨጨችው» ይላል። ሐሰት ነው! ውሃም፣ ብርሃንም፣ ማዳበሪያም ታገኛለች። የሚገርመው ደግሞ በእንክብካቤ ብዛት ቅጠሏ እያነሰ ይሄዳል፤ ፍሬ የምታፈራ ከሆነች ግን ፍሬዋ አያንስም፣ መጠኑ ያው ነው።

ስለዚህ «ቦንሳይ እንዴት ይያዛል?» ከማለት በፊት «የምን ዛፍ ናት?» ማለት ይቀድማል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንዷን ገድዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥድ የሆነች ቦንሳይ ተሰጠችኝና ቤት ያሳምራል ብዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖርኳት። አረንጓዴ ናት፣ ታምራለች፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል። አንድ ቀን ቅርንጫፏን ስነካት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለች። ለካ ከሞተች ሰንብታለች! ጥድ ሥሩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ደግሞም የውጭ ዛፍ ነው፤ ፀሐይና አየር ካላገኘ ቤት ውስጥ አይኖርም። በረንዳ ላይ ባኖራት ኖሮ ዛሬም በነበረች።

እናንተም ቦንሳይ ያላችሁ አንባብያን፣ መለያውን ያዙልኝ። ቅጠሏ እንደ መርፌ ወይም እንደ ቅርፊት ደቃቅ ሆኖ ሲታሽ የሚሸት ከሆነ ከጥድ ወገን ናትና ወደ ውጭ አውጧት። ቅጠሏ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ ከሆነ የበረሃ ጠባይ አላት፤ አፈሩ ጭልጥ ብሎ ሳይደርቅ አታጠጧት። እሾህ ካላትና እንደ ወረቀት የሳሳ ባለ ቀለም አበባ የምታወጣ ከሆነ በየግቢው አጥር ላይ የምናውቃት ቡገንቪሊያ ናት፤ እሷ ፀሐይ ትወዳለች። ቅጠሏ ወይም ቅርንጫፏ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ከወጣው ደግሞ ፊከስ ልትሆን ትችላለች።

አንቺ ዘንድ ያለችው ወተት አላት፤ ቅጠሏ ያብረቀርቃል፤ ሥሯ አብጦ ይታያል። ፊከስ ናት፣ እህቴ። አገራችን ውስጥ ዋርካና ሾላ የምንላቸውም የዚሁ የፊከስ ወገን ናቸው። ፍሪጅ ላይ ያስቀመጥሽው የዋርካ ዘመድ ነው!

ፊከስ ደግሞ ቤት ውስጥ ከሚለምዱት አንዷ ናት፤ ግን ሁለት ነገር ትጠላለች። አንደኛ፣ ከቦታ ቦታ መዘዋወር። ብርሃን ካለበት ወደ ጨለማ ስትወስጃት ቅጠሏን ታራግፋለች። ሁለተኛ፣ ሥሯ ውሃ ውስጥ መዋል። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። አንቺም «ጠማት» ብለሽ ትጨምሪያለሽ። ሲበዛ ማር ይመራል ይባል የለ? ውሃም እንደዚያው ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቀጭን ቅርንጫፍ ምረጪና ልጡን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ሕይወት አለው። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብለሽ እስከ ግንዱ ድረስ ሞክሪ። አንድ ቦታ እንኳ አረንጓዴ ካገኘሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ከዚያ ሳህኑን ገልብጠሽ ከታች ቀዳዳ እንዳለው እዪ። ከሌለው ወይም ከተደፈነ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። ዛፏን በቀስታ አውጥተሽ ሥሯን ተመልከቺ። ጠንካራው ሥር ደህና ነው። የጠቆረውን፣ የላቆጠውንና የሚሸተውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪ። ወተቱ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጅሽን ታጠቢ። መልሰሽ ስትተክያት የግቢውን መረሬ አፈር አትጠቀሚ፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የግንባታ ሰዎች «ሬድ አሽ» የሚሉትን ቀይ ቀላል ጠጠር ደቀቅ አድርገሽ ሁለት እጅ፣ ከብስባሽ የተዘጋጀ አፈር አንድ እጅ ቀላቅዪ። አዲስ ቅጠል እስክታወጣ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አታስጠጊያት፤ የታመመ ሰው ጥሬ ሥጋ አይበላም።

ቦታዋ መስኮት አጠገብ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት ይሁን። አንዴ ካስቀመጥሻት አታንቀሳቅሻት። ወንድምሽን ኳሱን ውጭ እንዲጫወት ምከሪው።

ውሃውን በሰዓት ማጠጣት ተዪ። ጣትሽን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ከረጠበ ተያት፣ ነገ ተመለሺ። ከደረቀ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ በደንብ አጠጫትና ከሥር የተጠራቀመውን ድፊው። በክረምት አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ውሃው ይቀንሳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ በረንዳ ላይ እንዳታሳድሪያት።

ስትድን ቅርጿን መጠበቅ አለብሽ። አዲሱ ቀንበጥ ከስድስት እስከ ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል አስቀርተሽ ቁረጪው። በሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ አውጥተሽ ሥሯን ከርክመሽ አፈሯን ቀይሪ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ በሚገኝ የቦንሳይ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የጃፓን ነጭ ፓይን አለች። ሰው መንከባከብ የጀመራት እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። ያማኪ የተባለ የሂሮሺማ ቤተሰብ ለአምስት ትውልድ ያህል ተቀባብሎ ያዛት። በ1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ግቢ ውስጥ ከግንብ ጀርባ ነበረችና ተረፈች። በ1976 ማሳሩ ያማኪ ለአሜሪካ በስጦታ ሰጧት። ከቦምቡ የተረፈች መሆኗን ግን ሙዚየሙ ያወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩዋት ሲመጡ ነው።

ይህን የማነሳልሽ አንዲት ቦንሳይ እንዲህ የምትኖረው አንድ ሰው ብቻውን ስለተጨነቀላት አለመሆኑን እንድታዪ ነው። አንዱ ለሌላው እያስረከበና የያዘችበትን ሁኔታ እየነገረው ነው የኖረችው። አንቺ ግን አራት ወር ሙሉ የሁለት ሰው ነገር ብቻሽን ተሸክመሻል፤ ያውም በውሸት። ቅጠል የሚረግፈው ሥር ሲታፈን እንጂ ፍቅር ሲቀዘቅዝ አይደለም። ልጁም እንዲህ ያለ ሸክም በሳቅ መሐል ጥሎብሽ መሄዱ ትንሽ አጥፍቷል፤ ምናልባት ያለውንም ረስቶት ይሆናል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሲደውል ካሜራውን ዛፏ ላይ አድርጊው። «ቅጠሏ ረግፏል፤ እንዳትደርቅ ብዬ ስፈራ ውሃ አበዛሁባት። አሁን ሥሯን አጽድቼ ተክያታለሁ» በዪው። ከሳቀና «እኔም በምን ላግዝሽ?» ካለ ጥሩ ነው። ከተቆጣ ደግሞ ጥያቄው ከዛፏ አልፏልና ያን ጊዜ ጻፊልኝ፣ እንወያያለን። ዛፏ ብትሞትም አንቺ ቃልሽን አላጠፍሽም፤ አያያዙን ያስተማረሽ ሰው አልነበረም።

ከዳነች ደግሞ ስትከረክሚያት የምትቆርጪያትን አንዷን ቀንበጥ አትጣያት። ፊከስ ከቁራጭ በቀላሉ ትበቅላለች። እርጥብ አፈር ውስጥ ትከያትና እሱ ለዕረፍት ሲመጣ የራሱን ድርሻ ስጪው፤ እስቲ እሱም ይጨነቅ!