የስልክ ገጽ አሠራርና የቤተ ሰብ ክብር

ሥራ ለማቅለል ተብሎ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ በሁለት ሰው መካከል ይቆማል፤ አንዱ ዕቃውን የሠራው፥ ሁለተኛው በዕቃው የሚሠራው ነው። የእርፍ ጠራቢ እርፉን ለእጅ የማይመች አድርጎ የጠረበ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከገበሬው ጋራ ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ወቀሳውን ይሰማል፤ ሁለተኛውንም እርፍ አስተካክሎ ይጠርባል። በዛሬ ዘመን የእጅ ስልክንና የኮምፒዩተርን ገጽ የሚነድፉት ሰዎች ግን በነደፉት ገጽ የሚሠራውን ሰው ብዙ ጊዜ ሳያዩት ይኖራሉ። ወቀሳውም ወደ ሠሪው መድረሱ ቀርቶ በየቤቱ ውስጥ በእናትና በልጅ፥ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ይወድቃል። ነገሩ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሳምንት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

በአዲስ አበባ የስልክ ገጽ በመንደፍ የሚተዳደር አንድ ወጣት ወዳጅ አለን። ሥራው በስልኩ መስተዋት ላይ ቁልፉ ከየት ይቀመጥ፥ ጽሕፈቱ ምን ያህል ይጕላ፥ ቃሉ ምን ይበል እያሉ መወሰን ነው። እናቱ የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጐዳና፥ አምቦንና ጌዶን አልፎ በሚገኘው በባኮ ነው። ቀድሞ ልጁ ለእናቱ ጥቂት ብር ለመላክ ወደዚያ የሚሄድ የታመነ መንገደኛ መፈለግ ነበረበት። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፥ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ካስፋፉ ወዲህ ግን ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ይህ ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ገንዘቡ ከስልኩ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ እናቲቱ በገዛ እጃቸው ሊያዙበት መቻላቸው ሌላ ነገር ነው።

እኒህ እናት ፊደል የለዩ ናቸው። የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚያ ዘመቻ ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ የሁሉም ጽሕፈት ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ እናቲቱ ኦሮምኛን ማንበብ የለመዱት በሀ ሁ ነው። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ፥ የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ተምረው በሚገባ ያነባሉ፥ ይጽፋሉም። የስልኩ ገጽ ታዲያ ለአያቲቱ ሁለት ምርጫ ያቀርብላቸዋል፤ ኦሮምኛ በቁቤ፥ አማርኛ በግዕዝ ፊደል። በመጀመሪያው ቋንቋውን ያውቁታል፥ ፊደሉን አያውቁትም፤ በሁለተኛው ፊደሉን ያውቁታል፥ ቋንቋው ግን የጽሕፈት ቤትና የገበያ እንጂ የጓዳቸው አይደለም። እንግዲህ እናቲቱ ያልተማሩ አይደሉም፤ በተማሩት መንገድ የሚያነጋግራቸው ገጽ ጠፋ እንጂ። ወዳጃችን ቃሉን በኦሮምኛ ድምፅ የሚያነብ አንድ ቁልፍ ይጨመር ብሎ ለአሠሪዎቹ ቢያመለክት፥ ወጪ ያበዛል ተብሎ ቀረበት። የአሠሪዎቹን ስም መጥራት ጉዳያችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው መልስ በብዙ ቦታ የሚሰማ ነውና።

የዚህን ወጣት የዕለት ተዕለት ምሬት ስንሰማ፥ አብዛኛው ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም ገጹ በሌላ አገር ልማድ ተቈርጦ ለእኛ መልበሻ መሰጠቱ ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ «ምረጥ»፥ «አስገባ»፥ «ላክ» ይላል። በእንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ይበቃል፤ በእኛ አገር ግን ለሴት «ላኪ»፥ ለታላቅ «ይላኩ» መባሉን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ጨዋ አይባልም። ስልክ ግን ፀጉራቸው የሸበተውን እናት «ላክ» እያለ ያዛል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቃል የተደፈረ ሰው ሁለተኛውን ቃል በልበ ሙሉነት አያነብም።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። በአገራችን ግን ሰው በገዛ ስሙ ይጠራል፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። ሴትም ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትተውም። ስለዚህ ባል፥ ሚስትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሁለተኛ ስማቸው ሦስት ልዩ ልዩ ነው፤ በቅጹ ዐይን ግን ሦስቱም ባዕዳን ይመስላሉ። ደግሞም በጸሎቱ ጸ የተመዘገበውን ስም በፀሐዩ ፀ ጽፈው ቢፈልጉት፥ ብዙው መዝገብ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ጳጉሜን የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የልደት ቀኑን አያገኝም፤ ዓመቱንም በአውሮፓ አቈጣጠር ለመሙላት አንድ ጊዜ 7፥ አንድ ጊዜ 8 እየጨመረ ማስላት አለበት። «አገልግሎቱ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል» የሚል መልእክት የደረሳቸው የባኮ እናት ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አለኝ ይላሉ፤ ጸሐፊው ግን ቀትርን አስቦ እንደ ሆነ በሩ ከተዘጋ 6 ሰዓት ሆኖታል።

ሠራተኛውም ቢሆን በገዛ መሣሪያው አልተመቸውም። የሚነድፍበት ፕሮግራም ትልቅና ትንሽ ፊደል ላለው ለላቲን ጽሕፈት የታሰበ ስለ ሆነ፥ ርእስ ለማጕላት የተሰጠው ዘዴ በግዕዝ ፊደል ላይ ምንም አይሠራም። ደማቅ ሆኖ የተቀረጸ ፊደል ሲጠፋ ፕሮግራሙ ቀጭኑን ፊደል በራሱ ያወፍረዋል፤ ጽሕፈቱም ቀለም እንደ ጠጣ ወረቀት ይደፈናል። የመስመሩ ከፍታ ለእኛ ፊደል ስላልተለካ የቶ ቀለበትና የኝ ቆብ ተቈርጦ ይወጣል። ፊደሉ ባልተጫነበት ስልክ ላይ ደግሞ በቃሉ ፈንታ የባዶ ሣጥን ሰልፍ ይታያል። ከዚህም በላይ፥ እጁ የለመደው ቁልፍ ፕሮግራሙ በታደሰ ቍጥር ከቦታው ይነሣል፤ ዛሬ በስተቀኝ የነበረው ነገ በሌላ ስም በስተግራ ይገኛል። የቤቱ ዕቃ በየወሩ ሲዘዋወር የሚያድር ባለቤት እንዴት እንደሚደናገር እያንዳንዳችን ልንገምተው እንችላለን። ይህ ወጣት ግን ሙያው ስለ ሆነ ፈልጎ ያገኘዋል፤ የባኮዋ እናት ምን ያድርጉ?

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው አንድ ቀን በአንድ አገልግሎት ላይ ያየው ጥያቄ ነው። ገጹ «ክፍያውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅና ከበታቹ ሁለት ቁልፍ ያቀርባል፤ አንዱ «ሰርዝ»፥ ሁለተኛው «እሺ» ይላል። ክፍያውን የሚሰርዘው የትኛው ነው? «ሰርዝ» የሚለው ክፍያውን ይሰርዛልን ወይስ የመሰረዙን ሐሳብ ይሰርዛል? «አዎን፥ ይሰረዝ» እና «አይ፥ ክፍያው ይቀጥል» ተብሎ ቢጻፍ ግን የሚሳሳት ሰው ባልተገኘም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚመጣው ጉዳት ምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። እናቲቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልሆነላቸው በኋላ ስልኩን ለጐረቤት ልጅ ይሰጣሉ፤ ከስልኩም ጋራ የምስጢር ቍጥራቸውን ይነግሩታል። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የገንዘባቸው መጠን፥ ማን እንደ ላከላቸውና ለማን እንደ ሰጡ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈር ወሬ ነው። ልጁ ታማኝ ያልሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጥፋቱ የከፋ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሶባቸውንና የሣጥናቸውን ቁልፍ በመቀነታቸው ቋጥረው የኖሩ ወይዘሮ፥ በእርጅናቸው ቁልፉን ለሰው አስረክበው «እኔ አላውቅም» እያሉ ይኖራሉ። እኛም የዚህን ነገር ክብደት በብር ብቻ የምንለካው አይደለም፤ ከቤታቸው እመቤትነት ላይ የሚቀነስ ነውና።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሌሎች አገሮች ቀደም ብለው መርምረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ 17 በሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፥ አብራሪዎች በደኅና ካረፉ በኋላ የክንፉን ማዘግያ የሚያጥፉ እየመሰላቸው የጐማውን እግር ያጥፉ ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይወድቅ ነበር። ስሕተቱ ሁሉ በአብራሪው ይመካኝ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ግን የአውሮፕላኑን መቀመጫ ቢመረምር፥ ሁለቱ መያዣዎች ጐን ለጐን የቆሙና በመልክ አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። በአንዱ ላይ የጐማ ቅርጽ፥ በሁለተኛው ላይ የሽብልቅ ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ፤ እጅም በጨለማ መለየት ቻለ። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 የአብራሪ ስሕተት የተባሉ 460 ታሪኮችን መርምረው፥ ብዙው ከመሣሪያው አሠራር የመጣ መሆኑን አስረዱ። በጦር ሜዳ የተፈተነ መኰንን በመያዣ መመሳሰል የሚሳሳት ከሆነ፥ የባኮን እናት «አልገባት አለ» ብሎ መውቀስ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

«ሰው መሣሪያውን ይማር እንጂ መሣሪያው እንዴት ሰውን ይከተላል?» የሚሉ አይጠፉም። መማርስ መልካም ነው፤ እናቲቱም በጊዜያቸው ተምረዋል። ግን የገዛ አገራችን ታሪክ ሌላ መልስ ይሰጣል። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ በነበሩበት ዘመን፥ ጭንቀቱ ለላቲን በተሠራ መኪና አርባ በሚሆን ቁልፍ 231 ፊደል እንዴት ይጻፍ የሚል ነበር። የፊደሉ እግርና ቀለበት ለብቻው እየተመታ ስለሚቀጠል ጽሕፈቱ ከብራናው መልክ የራቀ ነበር፤ ለመኪናው እንዲመች ፊደላችን ይቀነስ፥ ይለወጥ ያሉ ሊቃውንትም ነበሩ። ፊደሉ ግን እንዳለ ቆየ፤ መሣሪያው ተለወጠ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው አማርኛ በሌላው እየተነበበ ነው። መሣሪያ እንዲታዘዝ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ይታዘዛል ማለት ነው።

እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ ከዚያው ከባኮ መማር ይቻላል። የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል በበቆሎ ዘር የታወቀ ነው፤ ገበሬው ሁሉ ቢ.ኤች. ብሎ በሚጠራቸው ዘሮች ስም ውስጥ ያለው «ቢ» ራሱ ባኮ ማለት ነው። አንድ ዘር በምርምር ቤት አማረ ተብሎ ወዲያው አይሰጥም፤ በልዩ ልዩ አፈርና በልዩ ልዩ ዓመት ይፈተናል፥ በገበሬው ማሳም ተዘርቶ ይታያል። የስልክ ገጽ ግን በአዲስ አበባ በመልካም ስልክና በፈጣን መስመር ተሞክሮ፥ አለቃው «አማረ» ካለ በኋላ በአንድ ቀን ለአገር ሁሉ ይለቀቃል። ጃኮብ ኒልሰን የሚባለው የዴንማርክ ተወላጅ ባለሙያ ደግሞ አምስት ተጠቃሚዎችን ብቻ አስቀምጦ በዝምታ ማየት አብዛኛውን ስሕተት ለማግኘት እንደሚበቃ አስረድቷል። አምስት ሰው ማስቀመጥ ወጪ ያበዛል የሚል መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አንደኛ፥ ልጆችና የልጅ ልጆች ስልኩን ከታላላቆቻችሁ እጅ አትንጠቁ፤ ቁልፉን የእናንተ ጣት ሳይሆን የእነርሱ ጣት ይጫነው፥ ቢዘገይም ይታገሡ። ሁለተኛ፥ የአሠራሩን ተራ በሚያነቡት ፊደልና በሚናገሩት ቋንቋ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፤ በባኮ ላሉት እናት ኦሮምኛውን በሀ ሁ መጻፍ አንድ ማታ ቢፈጅ ነው። የምስጢር ቍጥሩ ግን በወረቀቱ ላይ አይጻፍ፥ ለማንም አይነገር። ሦስተኛ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ያላችሁ ክቡራን፥ እንዲህ ያለ ገጽ ለፊርማ በቀረበላችሁ ጊዜ «ያማረ ነውን?» ብቻ ሳይሆን «ከከተማ ውጭ ማን ሞከረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ፊርማው አንድ ሳምንት ቢቆይ አገር አይጐዳም።

እናቶቻችን ገንዘባቸውን ራሳቸው ቈጥረው፥ ለወደዱት ራሳቸው ልከው፥ ምስጢራቸውን በልባቸው ይዘው እንዲኖሩ ማድረግ የንድፍ ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ዕዳ ነው።