ሰዓት የማትጠብቀው ከበሮ

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ በዘመድ ሠርግ ላይ ነበርሁ፡፡ ኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ተጫነና ከበሮ የተባለ ድምፅ ከስፒከሩ ይንጣጣ ጀመር፡፡ ከደሴ አብራን የወረደችው አክስቴ እንደ ልማዷ የራሷን ከበሮ አንግታ ልታጅብ ሞከረች፡፡ ጥቂት መታች፤ አልገጠመላትም፡፡ ደገመች፡፡ ከዚያ ከበሮዋን ከወንበር ሥር አስገብታ ዝም አለች፡፡ በኋላ ልጁን ጠጋ ብዬ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ እሳቸው እኮ ሰዓት አይጠብቁም» አለኝ፡፡ ማታ ሐረጎን ስንወጣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፡፡

«ድራም ማሽን ሙዚቃችንን ገደለው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ያ ለቅሶ ሰልችቶኛል፡፡ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን በድራም ማሽን እያጀበ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል፡፡ ማሽን ስለገባበት ነፍስ የለውም የሚል ካለ ጆሮውን ያስመርምር፡፡ በ1980 እ.ኤ.አ. የእውነተኛ ድራም ድምፅ በዲጂታል የተቀዳበትን የመጀመሪያውን ማሽን ያወጣው ሮጀር ሊንም ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ምቱን ቀጥ የሚያደርግ መላ ሲያበጅለት፣ መልሶ የሚያወዛውዘውንም መላ አብሮ ሰጥቶታል፡፡

ጠቤ ከተጫኙ ጋር ነው፡፡ ማሽኑ የሚሰጠን ባዶ ቤቶችን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 16፡፡ ጭክችካችን ግን በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት ነውና 12 ቤት ይፈልጋል፡፡ ይህን መቀየር የደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ምቱን እያጣመሙ በ16ቱ ውስጥ የሚጠቀጥቁ ሞልተዋል፡፡ ከዚህ የሚብሰው ማጠጋጋቱ ነው፤ እያንዳንዱን ምት ጎትቶ ቅርቡ ካለው ቤት መካከል ላይ መቸንከር፡፡ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አልገጥም ያለች ሳንቲም የሆነ ቦታ የተጣለች መሆኗን አውቃለሁ፡፡

ከሠርጉ በኋላ አክስቴን ደሴ ቤቷ ሄጄ በስልኬ ቀዳኋትና ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ዘረጋሁት፡፡ ሰዓት አይጠብቁም የተባሉት ሴት ከትልቁ ምት ቀጥላ የምትመጣዋን ትንሿን ምት ጥቂት ታዘገያታለች፤ ሁልጊዜ፣ ያውም ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ፡፡ እልልታው ሲቃረብ ደግሞ ፍጥነቷን ትጨምራለች፤ ትከሻ እያየች ነው የምትመታውና፡፡ ይህ ስህተት ከሆነ እጅግ የተጠና ስህተት ነው! በየፕሮግራሙ ያለው «ሰው እንዲመስል» የሚያደርገው ቁልፍ ግን ምቶቹን እንደ ዕጣ ወዲያና ወዲህ ይበትናቸዋል፡፡ ሰው ማለት ለእነሱ ስካር ነው እንዴ?

ግጥም የምትወዱ ይህን አታጡትም፡፡ የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም አለው፤ ቀለም ቆጥሮ የሞላ ሁሉ ግን ገጣሚ አልሆነም (እኔም ከእነዚያ አንዱ ሳልሆን አልቀርም)፡፡ የሚገርመኝ፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የቦታ ስም በሆኑበት አገር፣ ዜማውን ልቅም አድርጎ የሚጫወት ልጅ ለምቱ ሲሆን ባሕር ማዶ ተሞልቶ በመጣ ቁልፍ መርካቱ ነው፡፡ አጠገቡ ከበሮ የያዘች ሴት ቆማለች! የከበሮዋን ሰፊና ጠባብ ፊት ለየብቻ ቢቀዳ፣ ያንኑ አንድ ድምፅ ከመደጋገም ለስላሳውንም ጠንካራውንም ምት ቢያፈራርቅ፣ የዘገየችውን ምት እንደዘገየች ቢተዋት ከአንድ ማታ በላይ አይፈጅበትም፡፡

እኔ ሙዚቀኛ ባልሆንም ሦስት ማታ ፈጅቶብኝ ሞከርሁት፡፡ ወስጄ አሰማኋት፡፡ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና «ከበሮው ደህና ነው፤ ጭብጨባው ግን የሁለት ሰው ነው፡፡ ሁለት ሰው ብቻ የመጣበት የማን ሠርግ ነው ልጄ?» አለችኝ፡፡

እውነቷን ነው፤ አንዱን ጭብጨባ ነበር ደጋግሜ የለጠፍሁት፡፡ እትዬ፣ ቅዳሜ ጎረቤቶችሽን ጥሪልኝ ብያታለሁ፡፡