ኤልካደር፦ ለሩቁ ጀግና የተሰጠ ስም



በአሜሪካ በሙስሊም ጀግና ስም የተሰየመች ከተማ አለች ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። እውነትም አለች። በአይዋ ግዛት፣ በተርኪ ወንዝ ዳር የምትገኘው ትንሿ ኤልካደር ናት። ታሪኳን ስናወራ ግን ሁለት ነገር የምንዘል ይመስለኛል።

አንደኛው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎቻችን ከተማዋ የተሰየመችው አሚር ዐብዱልቃዲር አል-ጀዛኢሪ በደማስቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችን ከሞት ስላተረፉ ነው እንላለን። የደማስቆው ክስተት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ቲሞቲ ዴቪስ፣ ጆን ቶምፕሰንና ቼስተር ሴጅ ከተማዋን የመሠረቱት ግን በ1846 ነው። ያኔ አሚሩ ገና ከፈረንሳይ ጦር ጋር እየተዋጉ ነበር። ሰፋሪዎቹ ያከበሩት አገሬን ለወራሪ አልሰጥም ያለውን ሰው ነው ማለት ነው። መድረሳ የተማረን ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነገርም አለ፦ ስሙን ሲያሳጥሩ «ዐብድ» የሚለውን ጣሉት፤ ባሪያው ወጥቶ የጌታው ስም ብቻ ቀረ። ሳያውቁ ነውና አንፈርድባቸውም።

ሁለተኛው ይከብዳል። አሚሩ በይዓ በተቀበሉበት በ1832፣ በሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ የሳክ ሕዝብ መሪ ብላክ ሆክ ስለ መሬቱ ተዋግቶ ተሸነፈ። ሳክና መስክዋኪ በምሥራቅ አይዋ ሰፊ መሬት ለመልቀቅ ተገደዱ። ከተማዋ በተመሠረተችበት በ1846 ደግሞ የሆ-ቸንክ ሕዝብ ሰሜን ምሥራቅ አይዋን የሚለቅበት ውል ተፈረመ። ሰፋሪዎቹ ባሕር ማዶ መሬቱን የተቀማውን ሰው አዩ፤ አጠገባቸው የተቀማውን ግን አላዩም።

ታዲያ ስሙ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። በ1984 ኤልካደር ከአሚሩ የትውልድ አካባቢ ከተማ ከሙዐስከር ጋር እህትማማች ሆናለች፤ ያለ ስሙ ይህ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን ስም ዕዳም ነው። በፍትሕ ሰው ስም የተጠራ፣ በዚያው ሰው ሚዛን ይመዘናል።

ይህ እኛንም ይነካናል። ለሩቅ ተበዳይ ዱዓእ እናደርጋለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን፤ አልሐምዱሊላህ። ግን የዶርማችንን ደረጃ በየማለዳው የሚያጸዱትን እናት ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? በግሩፕ ፕሮጀክት ሥራውን ሁሉ ለአንድ ልጅ ጥለን ስማችንን ብቻ ስናስገባስ? እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። የዚያን ልጅ ሌሊት ወስጄ ማርኩን ተካፍያለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ስለ ዓለም ግፍ በስሜት ስናገር ነበር። ዐውፍ በለኝ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ በኤልካደር እንኩራ፤ ግን ሙሉ ታሪኳን እንናገር። ከዚያ ዘወር ብለን አጠገባችን ያለውን ባለ ሐቅ እንፈልግ።

ወላሁ አዕለም።