ከሥጋ የሚቆጠብ ሰው ቦሎቄ መቀቀል ይማር

ሥጋን ከገበታው አውጥቶ በእህል፣ በአትክልትና በጥራጥሬ ለመኖር የሚነሣ ኢትዮጵያዊ የተደላደለ መነሻ አለው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት 180 ለሚያህሉ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚጾሙ፣ የአገሩ ማድ ቤት ሽሮን፣ ምስር ወጥን፣ ክክ አልጫንና ከባቄላ ዱቄት ተብላልቶ የሚዘጋጀውን ስልጆን በብዙ ትውልድ ልምድ አዳብሮ ይዟል። ይሁን እንጂ ጾምና ዘወትር ከሥጋ መቆጠብ አንድ አይደሉም። ጾም ሰዓትና ጸሎት ያለው፣ ጊዜው ሲደርስም የሚፈታ ሥርዓት ሲሆን፣ መፍቻ በሌለው አመጋገብ ግን የጎደለውን የሚተካ የፍስክ ወራት ስለማይኖር፣ ሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ ከዕለቱ ማዕድ ማግኘት አለበት።

የጥራጥሬ ድርሻ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላይሲን በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ አነስተኛ፣ በጥራጥሬ ግን ብዙ ነው፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒንን ደግሞ እህሉ ያሟላል፤ ስለዚህ እንጀራን በጥራጥሬ ወጥ መብላት እጅግ ብልህ ጥምረት ነው። ጥራጥሬ ፈጽሞ የማይሰጠው ቫይታሚን ቢ12ን ነው፤ ወተትና እንቁላልንም የተወ ሰው ይህን ከኪኒን ወይም ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል፤ ቸል ቢል ጉዳቱ እስከ ነርቭ ይደርሳል።

የጾሙ ቅርስ በአብዛኛው የቆመው ተከክቶ ወይም ተፈጭቶ በሚዘጋጅ ጥራጥሬ ላይ ነው፤ ሙሉ ፍሬ የሚቀቀለው ይበልጡን ለንፍሮ ነው። ነጭ ቦሎቄ በስምጥ ሸለቆ በአመዛኙ ለውጭ ገበያ ሲመረት የኖረ፣ ቀዩም በሲዳማና በወላይታ አካባቢ ከበቆሎ ጋር ተነፍሮ የሚበላ ሆኖ ሳለ፣ በደጋው ከተሜ ድስት ውስጥ እምብዛም አይታይም። ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሽሮና በምስር ብቻ የሚመላለስ ሰው ተሰላችቶ ወደ ሥጋው ሊመለስ ይችላልና፣ በቁሌት ተሠርቶ በእንጀራም በዳቦም በሩዝም የሚበላው ቦሎቄ ገበታውን ያሰፋለታል።

ቦሎቄ ለመብሰል የሚያስቸግረው በከፊል በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ እሳቱ ቢበረታ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ፍሬው ፈጥኖ አይበስልም። እንፋሎትን አምቆ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው ድስት፣ በተለምዶ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው፣ ለደጋ ነዋሪ ቅንጦት ያልሆነው ስለዚህ ነው። ድስቱ ለሌለው ሰው ዋናው መፍትሔ መዘፍዘፍ ነው፤ ተለቅሞ የታጠበ ቦሎቄ ሌሊቱን በብዙ ውሃ ሲያድር ውሃው እስከ ፍሬው መሐል ይዘልቃል፤ ጥቂት ጨው ቢጨመርበትም ልጣጩን ያለሰልሳል። ቲማቲምና ሎሚ ግን አሲዳቸው የፍሬውን ሕዋሳት እርስ በርስ ያጣበቀውን ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይሟሟ ስለሚያደርግ፣ ቦሎቄው ሳይለሰልስ ድስት ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን በጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይም በቀዩ ውስጥ የሚገኘው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን ነው፤ ጥቂት ፍሬዎች እንኳ ሳይበስሉ ቢበሉ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላሉ፤ ሳይፈላ ለብ ብሎ የቆየ ቦሎቄ ደግሞ ከጥሬው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ይጣድ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ ቀንሶ መንተክተክ ይችላል። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ላይ ጥሬ ቦሎቄ አይጣድ፤ በሁለት ጣት ተጭኖ እስከ መሐሉ የማይፈርስ ፍሬ እስካለም ድረስ ድስቱ ከእሳት አይውረድ።