በጋ ነው ብለን ችግኞቻችንን ሜዳ ላይ አናሳድር!

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። የእኛም ጩኸት ከዚህ አያልፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጅብ በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ ተመልሶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ዘግይተን ብንጮኽም ለከርሞ ይጠቅማል ብለን በማሰብ ይህችን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለመለጠፍ ወስነናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ስድስት ዕጩ መምህራን ሆነን ለማስተማር ልምምድ በቡሌ ደጋ ወደሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። ባዶ እጃችንን ላለመሄድ ስንል፣ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ በጣሳ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በፕላስቲክ ያሳደግናቸውን 24 ችግኞች በመኪና ጭነን ወጣን። ግራቪሊያና አቮካዶ ነበሩ። እንደደረስን ተማሪዎቹን ሰብስበን ስለ ዛፍ ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረግን። ለእያንዳንዱ ችግኝም አንድ ተማሪ «አባት» ወይም «እናት» አድርገን መረጥን። ጉድጓዱን በነጋታው እንቆፍራለን ብለን ጣሳዎቹን በኳስ ሜዳው ዳር በሰልፍ ደርድረን ወደ ማደሪያችን ገባን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ይታዩ ነበር። «እሰይ፣ ዝናብ የለም!» አልን።

ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል የችግኞቻችን ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ጠወለገ፤ ከዚያም ጠቆረ። ከ24ቱ 17ቱ እንዲህ ሆኑ። የተረፉት 7ቱ ብቻ ናቸው። እነሱም የተረፉት በእኛ ብልሃት አይደለም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሆኑት አባት ከብት እንዳይረግጣቸው ብለው ማምሻውን ከመንገዱ ዳር አንሥተው በጓሯቸው እንሰት ሥር ስላስቀመጧቸው ነው።

አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ፣ «መምህር፣ የእኔ ልጅ ሞተ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ከስድስታችን መልስ የሰጣት የለም።

ዘበኛው ግን ዝም አላሉንም። «ልጆቼ፣ የዲላን ልጅ ቡሌ ስታመጡ ጋቢ አልያዛችሁለትም?» አሉን። «አባባ፣ በጋ አይደለም እንዴ? ብርዱ በክረምት መስሎን ነው» ብንላቸው ሳቁ። «ክረምትማ ደመናው ራሱ ጋቢ ነው» አሉ።

እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን፣ ሳይንስ ተምረን፣ ለማስተማርም እየሠለጠንን ያልገባንን ነገር እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር ከሚለቀቀው ሙቀት ብዙውን ይዞ ይመልሳል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ የሚያግደው አጥቶ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። የኳስ ሜዳው ጎድጓዳ ነበር። ከፍታውም አለ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የቡሌ ደጋ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እኛ ዲላ በነጠላ ያደርንበት ሌሊት እዚያ በጋቢም አይቻልም።

ለስሕተታችን የቋንቋም እጅ አለበት ብለን እናምናለን። በእንግሊዝኛ ትምህርታችን «ዊንተር» ሲባል «ክረምት» ብለን ሸምድደናል። የፈረንጅ ዊንተር የብርድ ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። አመዳይ የሚጥለው በጋ በምንለው ጊዜ ነው። ነገ ይህንኑ ትርጉም ሳናብራራ ለሕፃናት ካስተማርን፣ እነሱም እንደ እኛ ደመና የሌለበትን ሌሊት አይተው «እሰይ!» ይላሉ።

ሌላው ያላሰብንበት ነገር ጣሳው ነው። መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ሥሩን ትልቁ መሬት ያሞቅለታል። ጣሳ ውስጥ ያለው ግን አፈሩ አንድ እፍኝ ስለሆነ ብርዱ በዙሪያው ሁሉ ይገባበታል፤ ቶሎም ይደርቃል። ይህን በሚገባ የሚያውቁት ጃፓኖች ናቸው። ቦንሳይ የሚሏቸውን ዛፎች በትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አሳጥረው ለብዙ ዘመን ያኖራሉ። ማሳሩ ያማኪ የተባሉት የሂሮሺማ ቦንሳይ አሳዳጊ በ1976 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ በስጦታ የሰጡት የጃፓን ነጭ ጥድ በሰው እጅ መገራት የጀመረው በ1625 እ.ኤ.አ. ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. አቶሚክ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ሲወድቅ በግቢው ግንብ ተከልሎ ተርፏል። ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማዕከል ውስጥ አለ።

ለመሆኑ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ያለ ዛፍ ያን ሁሉ የበረዶ ዘመን እንዴት አለፈው? ምሥጢር የለውም። ብርድ ሲመጣ ዕቃውን እስከ አፉ ድረስ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል፤ ላዩን በቅጠል ወይም በገለባ ያለብሱታል፤ ወይም ሙሮ በሚሉት መጠለያ ያስገቡታል። ከነፋስ ይከልሉታል፤ አፈሩ እንዳይደርቅም ይጠብቁታል። እሳት ያለበት ቤት ግን አያስገቡትም፤ የእነሱ ዛፍ የብርድ ወቅት ዕረፍት ያስፈልገዋልና። ከሁሉም በላይ በየዕለቱ ወጥቶ የሚያየው ሰው አለው። እኛ ያጣነው ይህንን ሰው ነው።

ደግሞስ ጃፓን ድረስ ምን አስኬደን? በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ምን ያሳየናል? ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ዝግባው፣ ከመካከል እንሰቱና ቡናው፣ ከሥር ሌላው አዝመራ ተደጋግፈው ይኖራሉ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ራቁቱን አያቆመውም። ከላይ ያለው ቅጠል ቀን ጥላ፣ ሌሊት ጋቢ ነው። 7ቱን ችግኞች ያተረፋቸውም ይኸው ነው። ታዲያ እኛ ከዚህ ሁሉ ዕውቀት መካከል እየኖርን ችግኝ ሜዳ ላይ ማሳደራችን አያሳፍርም ትላላችሁ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እኛ አስተማሪ ነን እንጂ አትክልተኛ አይደለንም፤ ደግሞም ዲላ አመዳይ አይጥልም» ይሉናል። ዲላ አመዳይ አለመጣሉ እውነት ነው። ግን ስንመረቅ ሁላችንም ዲላ እንቀራለን ያለው ማነው? ዲላም ቢሆን እኛ ለገና ወደየቤታችን ስንሄድ በመኝታ ቤቱ ጀርባ ያሉት ጣሳዎች ውኃ የሚያጠጣቸው አጥተው ይደርቃሉ። በክረምት እንደገና እዚያው ቦታ እንሞላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉ መልካም ነው። የእኛ ጥያቄ፦ ቆጠራው በሐምሌ ብቻ ለምን ይሆናል? በሚያዝያስ ለምን አንቆጥርም? ነው። ተከላ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ጥበቃ ግን የየሌሊቱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ችግኝ ወደ ደጋ የሚወስድ ቡድን የደጋ ዛፍ ይውሰድ፤ ኮሶ፣ ጥድ፣ ቀርከሃ አለለት። ወቅቱም በዝናብ መግቢያ ይሁን፤ ችግኙ በጋው ሳይመጣ ሥር እንዲሰድ። ከመሄዱ በፊት ጥላውንና ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነስን ለብርድና ለፀሐይ እናለማምደው። ሁለተኛ፣ በጣሳ የሚያድር ችግኝ ካለ አጠጋግተን፣ ጣሳውን እስከ አፉ ቀብረን፣ ከጎድጓዳ ቦታ አርቀን ዛፍ ሥር እናስቀምጠው። ውኃውን ጠዋት እናጠጣው፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻልና። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት እንጨት ተክለን ቅጠሉን ሳይነካ በጆንያ ወይም በደረቅ የእንሰት ቅጠል እንሸፍነው፤ ጠዋት እንግለጠው። ሦስተኛ፣ ብርድ የመታውን ችግኝ ቶሎ አንንቀለው። እኛ 17ቱን በዚያው ቀን ነቅለን ጣልናቸው። ስንቱ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ እንደነበር ሳንጠብቅ! ይህ እስካሁን ይቆጨናል። አራተኛ፣ በዕረፍት ጊዜ ግቢ ውስጥ የምንቀር ሠልጣኞች የማጠጣት ተራ ይውጣልን። ውድ መምህሮቻችንም በልምምድ ሪፖርታችን ላይ «ስንት ተከላችሁ?» ከሚለው ጎን «ስንቱ አለ?» የሚል ጥያቄ ቢጨምሩልን እንላለን።

እኛ ስድስታችን በሚያዝያ ዝናብ ወደዚያው ትምህርት ቤት ለመመለስ ተነጋግረናል። 17 የኮሶና የጥድ ችግኝ፣ ከአሮጌ ጆንያ ጋር ይዘን እንሄዳለን። በመጀመሪያ ንግግር አናደርግም። በመጀመሪያ ያቺን ልጅ ፈልገን፣ «አዎ፣ ሞቷል፤ ጥፋቱም የእኛ ነው፤ ይኸኛውን ግን አብረን እናልብሰው» እንላታለን። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው።

ቸር ይግጠመን!